ቆጥ ላይ የደረቀው አሪቲ

የልብስ ሣጥን ስትከፍቱ ልባችሁ በድንገት በኃይል መምታት ጀምሮ ያውቃል? እኔን ያጋጥመኛል። ደረቅ አሪቲ ሲሸተኝ መጀመሪያ እጄ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ሳላስበው ጆሮዬ ወደ ጣሪያው ይቀናል። ሽታው ግን የሚያስፈራ አይደለም፤ መረር ብሎ ደስ የሚል ነው። ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ።

በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ የምንኖረው ጉለሌ ነበር፣ ቀጨኔ ቁልቁለቱ ላይ። ወላጆቼ ከወሎ የመጡ ሙስሊሞች ናቸው፤ አባቴ መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ ነበረው። እማዬ ከአጥሩ ሥር አሪቲ ትተክላለች። አሪቲ የሚደርቀው በጥላ ነው፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ሽታው ተኖ ያልቃል። ስለዚህ ጓዳ ውስጥ፣ ከቆርቆሮው ሥር ካለው ቆጥ ላይ ትበትነዋለች። ሲደርቅ ቅጠሉን አራግፋ በቁራጭ ጨርቅ ትሰፋዋለች። አንዱ ቋጠሮ የሱፍ ልብስ ብል እንዳይበላው ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ሌላው ለቁንጫ ከፍራሽ ሥር። እንቅልፍ እምቢ ላለው ሰው ደግሞ ትራስ ውስጥ ታደርግለታለች። ሹራቤ ሁልጊዜ አሪቲ አሪቲ ስለሚል የክፍሌ ልጆች "ሣጥኗ መጣች!" ይሉኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ግን የትራሱ አሪቲ እማዬን ራሷን ማስተኛት አቃተው። የወንድሜ የሰኢድ ዕድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ደርሶ ነበር። የሰፈራችን ወጣቶች ከመንገድም ከቤትም ይታፈሱ ነበር፤ ከሄዱት ብዙዎቹ ወሬያቸው እንኳ አልተሰማም። በራችን በተንኳኳ ቁጥር እማዬ የያዘችውን ዕቃ ታስቀምጥና እጇን ቀሚሷ ላይ ትጠርጋለች።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ የቀበሌ ሰዎች ቤት ለቤት እየፈተሹ መሆኑን ጎረቤት ነገረችን። ሰኢድ መውጫ አልነበረውም። ቆጡ ላይ ወጥቶ ከአሪቲው ሥር ተኛ፤ እማዬም መሰላሉን ወስዳ ጓሮ አጋደመችው።

ሁለት ሆነው ገቡ። አንደኛው ጎረቤታችን ጋሼ ታደሰ ናቸው፤ አብዮት ጠባቂ ነበሩ። ሁለተኛው ጠመንጃ ያነገተ፣ የማናውቀው ወጣት ነው። ወጣቱ ሣጥናችንን ከፈተና ፊቱን አጨማደደ።

"ምንድነው እንዲህ የሚሸተው?"

"አሪቲ ነው የኔ ልጅ። ልብሱን ብል እንዳይበላው ብዬ" አለች እማዬ።

"ልጅዎንስ? እሱንም ብል እንዳይበላው በአሪቲ ጠቅልለው አስቀመጡት?"

በራሱ ቀልድ ሳቀ። እማዬም ሳቀች። እንደዚያ ያለ ሳቅ ከሰው አፍ ሲወጣ ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም።

ወጣቱ ማድ ቤቱን ሊያይ ወደ ጓሮ ወጣ። ጋሼ ታደሰ ጓዳ ገቡ፤ እኔም ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ተከተልኳቸው። ከቆጡ ሳንቃ መሃል ደቃቅ ቅጠል ሽው ብሎ ወረደ። ወዲያው ከላይ አንድ ወፍራም እንጥሻ ተሰማ። የወንድ እንጥሻ።

"ጓድ ታደሰ! ማነው እሱ?" አለ ወጣቱ ከጓሮ።

ጋሼ ታደሰ ቀና ብለው ቆጡን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ይማርሽ!" አሉ፣ ጓሮ ድረስ እንዲሰማ አድርገው።

ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ።

"ይማርሽ እኮ ነው የምልሽ፣ አንቺ ልጅ!"

"ያኑርዎት!" አልኩ ጮክ ብዬ።

"ልጅቷ ናት" አሉ ወደ ጓሮ። "ይሄ አሪቲያቸው አፍንጫ ይሰነጥቃል። በል እንሂድ፣ እኔንም ሳያስነጥሰኝ።"

ሰኢድ ሲወርድ ፀጉሩ ቅጠል በቅጠል ሆኖ ነበር። አባቴ በማግስቱ ወሎ ወዳለው አጎታችን ላከው። እማዬ ጋሼ ታደሰን በቃል ማመስገን አልቻለችም፤ ማመስገን ልጇን ቆጥ ላይ መደበቋን ማመን ነበርና። ትልቅ የአሪቲ ትራስ ሰፍታ ለባለቤታቸው ላከችላቸው። እሳቸውም መንገድ ላይ ሲያገኙን ከሰላምታ በቀር ምንም ተናግረው አያውቁም።

ደርግ ሲወድቅ ሰኢድ ተመለሰ፤ ዛሬ የልጆች አባት ነው። እኔ ደግሞ የአማርኛ መምህርት ሆኛለሁ። ተማሪዎቼን "ይማርህ ለወንድ፣ ይማርሽ ለሴት" ብዬ ሳስተምር ዓይኔ ሳላስበው ወደ ጣሪያው ይሄዳል። አንዲት ፊደል ሰው ስታተርፍ ያየሁ ነኝ። አሁን ሰው ለብል ከሱቅ ነጫጭ ኪኒን ገዝቶ ሣጥኑ ውስጥ ይበትናል። አሪቲውም፣ የበሩን መንኳኳት እየፈራ የሚሰፋው እጅም እየቀረ ነው። ፍርሃቱ ይቅር፤ አሪቲው ግን ባይቀር እወዳለሁ።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። አንድ እፍኝ አሪቲ በጥላ አድርቁና በስስ ጨርቅ ሰፍታችሁ ከልብሳችሁ መሃል አድርጉት። ስታሹት ብናኙ ከቤታችሁ አንዱን ማስነጠሱ አይቀርም። ያን ጊዜ እንደልባችሁ፣ ጎረቤት እስኪሰማ፣ በስሙ ጠርታችሁ "ይማርህ" በሉት።