ከመጋረጃው ወዲህ

መጀመሪያ የመጣባቸው የጥድ ፍቅፋቂ ሽታ ነበር። ጋሼ አምደሚካኤል ፈረንጅ አገር፣ ብሬብሩክ ሰፈር፣ ከድሮው የጡብ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርሱ፣ አዲስ የተላገው እንጨት የዛሬ ሃያ ዓመቱን ይዞባቸው መጣ። ያኔ ፈረንጆቹ ምእመናን እያለቁ ሕንጻውን ለኢትዮጵያውያን ሲያከራዩ፣ መቅደሱን የሚከልለውን የእንጨት ግድግዳ ያቆሙት እርሳቸው ናቸው። ታቦቱ የገባ ዕለት መዶሻቸውን ሰብስበው ወጡ። ከዚያ ወዲያ አሥራ አራት ዓመት ከመጋረጃው ወዲህ ቆመው አስቀደሱ። «ራሴን በገዛ ምስማሬ ዘግቼ አስወጣሁት» እያሉም ይቀልዱ ነበር።

በኋላ ታቦቱ ምእመናኑ ዌሪቢ ከሚባል ሰፈር ወደ ገዙት አዳራሽ ሄደ። ሕንጻው ርግብ ሲራባበት ከርሞ፣ አሁን አቅም ለሌላቸው ቤተሰቦች በአነስተኛ ኪራይ የሚሰጥ ስምንት ቤት ሆነ። አንዱ ለልጃቸው ለአምለሰት ደርሷታል። ዛሬ ካልፈረመች ለተከታዩ ተመዝጋቢ ያልፋል። ዌስት ፉትስክሬይ የሚኖሩበትን ቤት አከራዩ ሸጦታል፤ በወሩ መጨረሻ እሷ፣ አባቷና የሰባት ዓመቷ ልጇ ሆሳዕና ሜዳ ላይ ናቸው።

የቤቶቹ ድርጅት ሠራተኛ ሞቱማ በሩን ሲከፍት ጋሼ ጫማቸውን አወለቁ።

«ኧረ ጋሼ፣ ምንጣፉ ገና አልተነጠፈም! ምስማር ይወጋዎታል።»

«እኔን ምስማር ያውቀኛል።»

ውስጡ በአዲስ ግድግዳ ተሸንሽኖ አቅጣጫ ያስታል። አምለሰት እየሳቀች የትልቁን ክፍል በር ገፋችው።

«ይሄ የእርስዎ ነው አባባ። ፀሐይ ይገባዋል። እኔና ሆሲ በትንሹ እንብቃቃለን።»

ጋሼ ደፉ ላይ ቀጥ አሉ። የምሥራቁን መስኮት አወቁት። መጋረጃው ይንጠለጠልበት የነበረው ቦታ ከእግራቸው ጣት አንድ ስንዝር አይርቅም።

«ምነው፣ አይገቡም?»

«እኔ እዚህ አልተኛም።»

«ለምን?»

ቢነግሯት ልጅቱን ይዛ ትሮጣለች፤ ቤቱም ይቀራል።

«ገባኝ፤ ከእኛ ጋር መኖር ሰልችቶዎታል። እንግዲያው አልፈርምም! እርስዎን ጥዬ የምገባበት ቤት የለም።» እስክሪብቶውን ለሞቱማ መለሰችለት።

ሞቱማ ሰዓቱን አየ። «እህቴ፣ ሆልድ ያደረግሁልሽ እስከ ዛሬ ብቻ ነው። ቢሮው ሊዘጋ ነው።»

በዚህ መሐል ሆሳዕና በአያቷ ብብት ሥር ሾልካ ገባች። ባዶው ወለል ላይ በጀርባዋ ተዘረረችና እጆቿን ዘረጋች።

«አባባ፣ ሉክ! ማይ ቤድ፣ ሂር!»

ጋሼ ሊቆጧት አፋቸውን ከፈቱና አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ይህች ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ የቆረበችው እዚሁ መጋረጃ ሥር ነው። ቤቱን በልቅሶ ስታናጋ ቆይታ፣ ቄሱ ሲያቆርቧት ጸጥ አለች።

«እሷ ትተኛበት» አሉ። «ሕፃን ናት፤ አትከለከልም።»

«ማን ነው የሚከለክላት?» አለች አምለሰት። ከዚያ መስኮቱን አየች፤ የአባቷንም ባዶ እግር አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ አባባ... እዚህ ነበር እንዴ?»

«የእኔን አልጋ ከወዲህ፣ ከትንሹ ክፍል አድርጊልኝ። የለመድኩት ቦታ ነው። በይ ፈርሚ፤ የሰው ልጅ አታስቁሚ።»

አምለሰት እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ፈረመች። ቀና ስትል ጋሼ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው፣ ፊታቸው ወደ ምሥራቁ መስኮት እንደሆነ፣ ወደ ኋላቸው እየተራመዱ ነበር። እንደ ድሮው፣ ለመቅደሱ ጀርባቸውን ሳይሰጡ ወጡ።