ጎህ ሲቀድ ቤቱ የማይገኘው ሰው

ጋሽ ሰብስቤ ወፍ ማየት የጀመረው ወፍ ወዶ አይደለም። ጎህ ሲቀድ ቤቱ ላለመገኘት ብሎ ነው።

ኢስት ዮርክ ውስጥ እኔና እናቴ በምንኖርበት ሕንጻ፣ ከበራችን ፊት ለፊት ያለው በር የእሱ ነው። ከሰዓት በኋላ ወጥቶ መሀል ከተማ ቢሮ ያጸዳል፤ እኩለ ሌሊት አካባቢ ይመለሳል። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። አንድ ልጅ አለው፣ ይመር የሚባል፤ ወልድያ አካባቢ የገጠር ትምህርት ቤት ያስተምራል። ሲለየው ገና ጥርሱን የሚቀይር ልጅ ነበር፤ አሁን በፎቶ እንደምናየው ጢም አውጥቷል። በረዶው ሳይቀልጥ፣ ባለፈው የካቲት፣ በዚያ አገር ስልክ ተቋረጠ። ይመርም ዝም አለ።

በእኛ ዘንድ መርዶ እንዴት እንደሚመጣ የታወቀ ነው። በስልክ አይነገርም። ማታም አይነገርም፤ ሰው ብቻውን ይዞት ማደር የለበትም። በማለዳ፣ ገና አፍ ሳይፈታ፣ ዘመድና የእድር ሰው ተሰብስቦ በር ያንኳኳል። በሩ ሲከፈት ማንም ምንም አይናገርም፤ የቤቱ ባለቤት ግን ያውቃል። ጋሽ ሰብስቤ ራሱ ቶሮንቶ ከመጣ ጀምሮ ስንቱን በር አብሮ አንኳኩቷል። ትከሻው ሰፊ ስለሆነ የሚወድቀውን እንዲይዝ ከፊት ያቆሙት ነበር።

የይመር ድምፅ ከጠፋ በኋላ እንቅልፍ አልያዘው አለ። ኮሪደሩ ላይ ኮቴ በሰማ ቁጥር ይነሳል። አንድ ማለዳ ከታች ፎቅ ያለው ሰው ውሻውን ይዞ ሲያልፍ፣ የውሻው ጭራ በሩን መታው፤ ጋሽ ሰብስቤ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ይህን ለእናቴ እየሳቀ ነው የነገራት። በሳምንቱ ዳንፎርዝ ላይ ካለ አሮጌ ዕቃ መሸጫ፣ ሌንሱ ክንድ የሚያህል ካሜራ ገዝቶ መጣ። ከዚያ ወዲህ በጨለማ ይወጣል። በሥራ ቀን ከሕንጻችን በታች ወዳለው የቴይለር ክሪክ ሸለቆ ይወርዳል፤ ቅዳሜ ሌስሊ ስፒት ወደሚባለው፣ ሐይቁ ውስጥ እንደ ምላስ ወደተዘረጋው መሬት ይሄዳል።

"የሰው ልጅ አልጋ እያለው ለወፍ ብሎ በሌሊት ይወጣል?" አለችው እናቴ አሳንሰሩ አጠገብ።

"እነሱም እንደኛ ናቸው እኮ ወለተማርያም፣ የሌሊት ሺፍት ነው ያላቸው" አላት።

ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬው መሄድ ጀመርኩ። መናገር አይጠበቅብኝም፣ እሱም አያስጨንቀኝም። በግንቦት እነዚያ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጡ ወፎች ከሩቅ ደቡብ ተነስተው፣ ሌሊቱን ሐይቁን ሲያቋርጡ ያድሩና ጎህ ሲቀድ በመጀመሪያው ቁጥቋጦ ላይ ይወድቃሉ። ሰው አጠገባቸው ቢቆም እንኳ ለመብረር አቅም የላቸውም። ጋሽ ሰብስቤ በእንግሊዝኛ ስማቸው አይጠራቸውም። ትከሻው ላይ ቀይ ማዕረግ ያለውን ጥቁር ወፍ ሻምበል ይለዋል። ሻምበል ጎጆው አጠገብ የሚያልፍ ሰው ሁሉ አናት ይመታል።

"ዝቅ በይ፣ ሻምበል መታወቂያ ሊጠይቀን ነው" ይለኛል።

አንድ ጊዜ ቢጫ ወፍ አረፈች፤ ክንፏን እንኳ አልሰበሰበችም። ሌንሱን አላነሳም።

"ተያት" አለኝ በሹክሹክታ። "መድረሷን ገና አላመነችም።"

የሚያነሳውን ፎቶ ሁሉ ወደ ይመር ስልክ ይልከዋል። ከእያንዳንዱ ሥር አንድ ምልክት ብቻ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው፣ የመድረሱ ምልክት፣ አይመጣም። "ስልኩን ሲከፍተው ወፍ በወፍ ይሆንለታል" ይላል። "አባቴ አብዷል ብሎ ይስቃል።" ይህን ሲል ፊቴን አያይም።

ግንቦት አጋማሽ ላይ እናቴ ከእድር ስብሰባ ዓይኗ ቀልቶ ገባች። ከወልድያ በእግርም በመኪናም ብሎ አዲስ አበባ የደረሰ ሰው ነበር። ይመር ሞቷል። ከሞተ ቆይቷል።

በማግስቱ ማለዳ የእድሩ ሰዎች በሩን አንኳኩ፤ አልነበረም። በሚቀጥለውም ቀን አልነበረም። የእድሩ ጸሐፊ ዓብይ፣ ቤታችን ሳሎን ውስጥ ቆሞ፣ በእጁ የመኪና ቁልፍ እያሽከረከረ፣

"ማታ ከሥራ ሲመለስ እንንገረውና ይለቅ" አለ።

ሊቀመንበሩ አቶ ፀጋዘአብ ቀና ብለው አዩት። ሽማግሌ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። "ደክሞት ሲገባ? ሌሊቱን ከምን ጋር ሊያድር? አይሆንም።"

"እሺ፣ ኮል አድርገን ነገ ቤት ቆይ እንበለው።"

"ምን ብለህ? ድምፅህን ሲሰማ ያውቀዋል። አንተ መቼ ደውለህለት ታውቃለህ?"

ዓብይ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። እንዲህ ሲባል ሳምንቱ አለቀ። ሕንጻው ውስጥ ያለ ሐበሻ ሁሉ እያወቀ፣ እሱ ብቻ ሳያውቅ አሳንሰር ውስጥ ሳቢሳ የምትባለውን ወፍ ፎቶ ያሳየኝ ነበር።

"ምነው ከሳሽ?" አለኝ። "ፈተና ነው?"

"አዎ" አልኩት። ምልክቱን አየሁት፤ አሁንም አንድ ነው።

ዓርብ ማታ እናቴ ጥቁር ልብሷን እየተኮሰች፣ "ነገ አንቺ ትመሪናለሽ" አለችኝ።

ስፒቱ መግቢያ ላይ መኪና አያስገባም። በእግር ሄድን፤ እናቴ፣ ዓብይ፣ አቶ ፀጋዘአብ፣ ሌሎችም፤ ጥቁር የለበሱ፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ። ብስክሌተኞች እየዞሩ አዩን። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ይበርዳል። መንገዱ ዳር ካለ ኩሬ ስንደርስ ከሩቅ አየሁት፤ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ሌንሱን ወደ ቁጥቋጦው አነጣጥሯል።

ከዚያ ወደ እኛ አዞረው።

ያ ሌንስ የወፍ ዓይን ሽፋሽፍት ያሳያል። የአቶ ፀጋዘአብን ፊት ማሳየት አያቅተውም። ለረጅም ጊዜ አላወረደውም፤ እኛም ሳናስበው ቆምን። ከዚያ ተነሳና ጀርባውን ሰጥቶን፣ ወደ ሐይቁ፣ ወደ መሬቱ መጨረሻ መራመድ ጀመረ።

"ጥራው እንጂ!" አለችው እናቴ ዓብይን።

"አይጠራም" አሉ አቶ ፀጋዘአብ። "ተከተሉት።"

አልሮጠም። ብንቆም እንደሚቆም ሰው ይሄዳል፤ ስንፈጥን ግን ይፈጥናል። አቶ ፀጋዘአብ ማነከስ ጀመሩ፤ ዓብይ ክንዳቸውን ያዘ። ሻምበሎቹ ከሸምበቆው እየተነሱ በነጠላዎቹ ላይ ይጮኹ ነበር፤ እናቴ አናቷን በእጇ ሸፍና አለፈች። መንገዱ አለቀ። ከዚያ ወዲያ የፈረሱ ቤቶች ጡብና የዛገ ብረት ነው፣ ከዚያ ደግሞ ውኃው። ጋሽ ሰብስቤ ጡቡ ላይ ወጥቶ ቆመ። ወደኛ አልዞረም።

"አቶ ፀጋዘአብ፣ ጉልበትዎን አሳመምኩዎት" አለ። "ይቀመጡ። ድንጋዩ ደረቅ ነው።"

"ሰብስቤ..."

"ትንሽ ይቆዩ። ጎህ ገና አልቀደደም።"

ፀሐይዋ ከሐይቁ በላይ ከፍ ብላለች። ሁላችንም ጥላችን ጡቡ ላይ ወድቋል። ቢሆንም ቆየንለት።

"እንግዲህ ሰብስቤ" አሉ አቶ ፀጋዘአብ በመጨረሻ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው። "ልጅህ ይመር..."

"ስሙን አይጥሩት።"

"እሺ። አልጠራም።"

እናቴ ጮኸች። ከውኃው ላይ ጥቋቁር ወፎች በአንድነት ተነሱ። እሱ አልጮኸም፣ አልወደቀም። ዓብይ ሊይዘው እጁን ዘርግቶ ቀርቦ ነበር፤ የሚያዝ አላገኘም።

"ማን ቀበረው?" አለ ጋሽ ሰብስቤ።

አቶ ፀጋዘአብ ዓብይን አዩ፤ ዓብይ መሬት አየ። ያ ከወልድያ የመጣው ሰው ይህን አልተናገረም። አያውቀውም።

በዚህ መሀል አንዲት ነጭ አሮጊት ወፍ ማያ መነጽሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ በቀስታ መጣች። እዚያ ሰው ተሰብስቦ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያይ ብርቅ ወፍ ተገኘ ማለት ነው። አጠገቤ ቆማ በሹክሹክታ፣ "ምን አገኛችሁ?" አለችኝ። በእንግሊዝኛ ሰው እንደሞተብን ነገርኳት። መነጽሯን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ እዚያው ቆመች፤ መሄድም አልቻለችም።

መኪና ስለማይገባ የመጣንበትን መንገድ ሁሉ በእግር መመለስ ነበረብን። እናቴ በአንድ በኩል፣ ዓብይ በሌላ በኩል ያዙት። እኔ ካሜራውን አነገትኩ፤ ይከብዳል። ጋሽ ሰብስቤ ትንሽ ይራመድና ይቆማል፤ ከጎኑ ወዳለው ሰው ይዞራል።

"እሺ፣ ማን ቀበረው?"

"የአገሩ ሰው ይቀብረዋል እንጂ፣ ሰብስቤ" ይሉታል አቶ ፀጋዘአብ።

"ማን?"

እንደገና ይራመዳል። እስከ መኪናው ድረስ ያንኑ ሲጠይቅ ነበር፤ መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላም መስኮቱን አውርዶ፣ ከውጭ ቀርቼ የነበርኩትን እኔን ጠየቀኝ።