ማር የሚቀመስበት ተረት

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ዓይኔን የተራኪው ጉሮሮ ላይ ተክዬ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ከዚያስ ምን ሆነ እያሉ ሲቁነጠነጡ፣ እኔ የኦቦ ዋሪዮ ማንቁርት ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ፣ አሁን ድምፃቸው ይሻክር ይሆን፣ አሁን ያስላቸው ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ። ፈሪ ልጅ ነበርኩ። እናቴ «ይቺ ልጅ ስትወለድም ደንግጣ ነው የወጣችው» እያለች ታሾፍብኝ ነበር። በዚህ በአንዱ ጉዳይ ግን ፍርሃቴ ያለ ምክንያት አልነበረም። ኦቦ ዋሪዮ ተረት የሚነግሩን ጉሮሮ ሊያቃጥል የሚችል ማር አፋቸው ውስጥ አድርገው ነበርና።

ያኔ ነገሌ ነበርን። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ገበያው አጠገብ ሱቅ ከፍቶ ነበር። ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በራሽን፣ ያውም ሲገኝ ብቻ የሚታደልበት ዘመን ስለነበር ማር ፈላጊው ብዙ ነው። ኦቦ ዋሪዮ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ቆላ፣ ግራር ላይ የሰቀሏቸው ዐሥራ ሁለት ቀፎዎች ነበሯቸው፤ ሁሉንም ግንድ ፈልፍለው የሠሯቸው በገዛ እጃቸው ነው። ማር በቆረጡ ማግስት አህያቸውን እየነዱ ይመጡና፣ ማጥለያው ጨርቅና ሰፊው ሳፋ እኛ ቤት ስለነበር፣ ጓሯችን ባለችው የቆርቆሮ ዳስ ሥር ይቀመጣሉ። እጭ ያለበትን ጥቁሩን የማር እንጀራ ከነጩ ይለያሉ፤ ነጩን እየጨመቁ ጨርቁ ላይ ያደርጋሉ፤ ጨርቁን ደግሞ ማሩ እንዲላላ፣ ግን እንዳይቃጠል፣ ከፍሙ ራቅ አድርገው ይሰቅሉታል። ሲመሽ እናቴ ኩራዙን አምጥታ ምሰሶው ላይ ታንጠለጥለዋለች። የፍሙ ጭስ፣ የሰፈፉና የኦቦ ዋሪዮ ትምባሆ ሽታ ተደባልቀው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አሉ።

የአንዱን ቀፎ ማር ከሌላው ጋር አይቀላቅሉም። በእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ለየብቻ ያኖሩታል። በዚያ አገር ዝናብ የቀረ እንደሆነ ንቦቹ ሌላ አበባ ያጡና ወደ ቁልቋሉ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ቁልቋል የሚሠሩት ማር ደግሞ በመልክም በጣዕምም ከደህናው አይለይም። ሲቀምሱት ይጣፍጣል። ቆይቶ፣ ሰው ረስቶ ሌላ ወሬ ከጀመረ በኋላ ነው ጉሮሮ የሚይዘው። ስለዚህ ኦቦ ዋሪዮ ከእያንዳንዱ ቆርቆሮ በጣታቸው ጠለቅ አድርገው ምላሳቸው ላይ ያኖሩና፣ ማንም እንዳይነካ በእጃቸው ከልክለው ተረት ይጀምራሉ። ተረቱ ሲያልቅ ድምፃቸው ካልሻከረ ማሩ ደህና ነው። የእጅ ሰዓት አልነበራቸውም፤ ሰዓታቸው ተረቱ ነበር።

ለዚህ ሥራ የሚሆን ተረት ደግሞ አንድ ብቻ ነበራቸው። ቀጭኔ ድሮ ድምፅ ነበራት ይላሉ። አገሩ ደርቆ ልጇ በውኃ ጥም ሊሞትባት ሲል ሰባት ኤላ ዞረች፤ ኤላ ቦረናዎች ከብት የሚያጠጡበት ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ነው። በየኤላው አንድ ጠባቂ አለ፤ ውኃው ወደፊት ነው፣ ለማለፍ ግን አንድ ነገር ክፈይ ይላታል። አንደኛው ረጃጅም ቀንዶቿን ወስዶ ጉጦቻቸውን ተወላት። ሁለተኛው ያማረ ቆዳዋን ወስዶ የተጣጣፈ ሰጣት። አራተኛው እንቅልፏን ወሰደ። እንዲህ እያለች ሰባተኛው ጋ ደረሰች፤ ውኃውም እዚያ ነበር። ጠባቂው ድምፅሽን አላት። ሰጠችው። እዚህ ላይ ኦቦ ዋሪዮ ያቆሙና ምራቃቸውን ውጠው «ደማ ናጋ!» ይላሉ፤ ማሩ ሰላም ነው ማለታቸው ነው። እኛም ተንጋግተን ቆርቆሮው ላይ እንሰፍራለን። የቀጭኔዋ ልጅ ይዳን አይዳን የጠየቀ አልነበረም፤ ማር ፊቱ ተቀምጦ ማን ይጠይቃል!

የሚያቃጥለው ማር አብዛኛውን ጊዜ አራተኛው ኤላ ላይ ይታወቃል። ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ድምፃቸው በድንገት ይሻክርና ተረቱን ጥለው ወተት ይጠይቃሉ፤ ያንን ቆርቆሮ ሰው በማይደርስበት ጉድጓድ ውስጥ ይደፉታል። ከዚያ ወዲህ አራተኛው ኤላ ሲደርስ እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ።

ድርቁ በበረታበት ዓመት፣ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሻይ እንዳቀርብላቸው ታዘዝኩ። እናቴ ያቺን ጭላጭ ስኳር ከሰው ዓይን ለመሸሸግ ከጨው ጣሳ አጠገብ፣ እሱኑ በመሰለ ጣሳ ታኖራት ነበር። ኦቦ ዋሪዮ ከምድጃ የወረደውን ሻይ እፍ እንኳ ሳይሉ ጠጡና «ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ፣ በጣም ጣፋጭ ነው» ብለው መረቁኝ። ብርጭቆውን ስመልስ ከሥሩ የቀረውን ላስኩ። ጨው ነበር፤ አፍ የሚያንገሸግሽ ጨው። ክው አልኩ። እኔን ላለማሳፈር ብለው ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ፊታቸው እንኳ አለመኮሳተሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ብናገር ደግሞ ጨውና ስኳር ባለመለየቴ ከእናቴ ቁንጥጫ አላመልጥም። ዝም አልኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ኦቦ ዋሪዮ አዲስ ማር ይዘው መጡ። ቀመሱ፣ ጀመሩ። አራተኛው ኤላ አለፈ። ሰባተኛውም ላይ ድምፃቸው ጥርት ብሎ ነበር። «ደማ ናጋ!» አሉ፤ ሁላችንም በላን፤ ከሁላችን አብልጦ የበላው የአራት ዓመቱ ወንድሜ ከማል ነው። አባቴ ቀሪውን ወደ ሱቅ ሊያስገባ ቆርቆሮውን ሲያነሣ ጉሮሮዬን ሞቅ አለኝ። ወዲያው ከማል አንገቱን በሁለት እጁ ይዞ ጮኸ። እኔ እንስራው ጋ ሮጥኩና አንድ ኩባያ ውኃ አጠጣሁት። ይብስ ጮኸ። ሁለተኛ ደገምኩለት።

«ቢሻን አይሆንም! ውኃ አትስጪው!» ብለው ኩባያውን ከእጄ መቱት፤ ኦቦ ዋሪዮ እንደዚያ ሲጮኹ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ውኃ የዚያን ማር ቃጠሎ ጉሮሮ ውስጥ እንደሚያባብሰው ያኔ ነው ያወቅሁት። የከማል ከንፈር አብጦ ትንፋሹ ያፏጭ ጀመር፤ አባቴ አቅፎት ወደ ሆስፒታል ሮጠ፤ እናቴ ነጠላዋን እንኳ ሳታነሣ ተከተለችው። ግቢው ውስጥ ያለነው ሁሉ እናስላለን፣ እናለቅሳለን፣ ወተት እንሻማለን። ኦቦ ዋሪዮ ብቻ ከቆርቆሮው እየጠለቁ ደጋግመው ይቀምሳሉ። «ምንም የለም» ይላሉ። «እኔ ምንም አይሰማኝም።» የጨው ሻዩ ትዝ አለኝ። እኔ አውቅ ነበር። ያወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከማል ሁለት ቀን ተኛ። ኦቦ ዋሪዮ ሁለቱንም ቀን ሆስፒታሉ በር ላይ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ የሚወጣውን ሰው ሁሉ «አካም? ልጁ አካም ሆነ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ከማል ዳነ፤ ድምፁ ግን አብሮት አልተመለሰም። ለሳምንት ያህል አፉን ይከፍታል፣ የሚወጣው ነፋስ ነው። በዝምታዬ የወንድሜን ድምፅ ለሰባተኛው ጠባቂ የሸጥኩት መስሎኝ እህል አልወርድ አለኝ። በስምንተኛው ቀን ጠዋት «ዳቦ!» ብሎ ሲጮህ፣ እኔ ከእሱ ብሼ አለቀስኩ።

ኦቦ ዋሪዮ ግን ቀሩ። አባቴ ቤታቸው ድረስ ሄዶ «በአላህ ይሁንብኝ፣ በልባችን የያዝነው የለም» ቢላቸው፣ «ምላሴም ጉሮሮዬም ሞቷል። በምን ልቅመስ?» ብለው መለሱት። ትምባሆው ይሁን እርጅናው አያውቁም። ከብቶቻቸው በድርቁ አልቀዋል፤ ከነባለቤታቸው የሚኖሩት በነዚያ ቀፎዎች ነበር። ገበያ ላይ ደግሞ የዋሪዮን ማር አትንኩ የሚል ወሬ ተነዝቷል። ቀፎዎቹን አውርደው ለማገዶ ሊፈልጧቸው ነው ሲባል ሰማሁ።

ዝናቡ በጣለ በወሩ ሦስት ቆርቆሮ ይዘው ድንገት መጡ። አባቴን ሰፈፉን ብቻ ውሰድ አሉት፤ ማሩን ጓሮ ቆፍረው ሊደፉት ነው። አባቴ ለምኗቸው ሲያቅተው ወደ ሱቁ ተመለሰ። መቆፈር ሲጀምሩ ጎናቸው ሄጄ ቆምኩ። «ኦቦ» አልኳቸው፣ «ያን ቀን ሻይዎ ውስጥ የነበረው ጨው ነው። አውቄ ዝም አልኩ።» ዶማቸውን አቁመው አዩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ዓይናቸው ውስጥ ያየሁት ኀፍረት ነበር፤ አንጀቴን በላው። ምን እንደማደርግ ሳላስብ ጣቴን ቆርቆሮው ውስጥ ነክሬ ላስኩ።

«ትፊው! ኢንተላ ቲያ፣ ትፊ!»

ውጬዋለሁ። በእጄ ምልክት ሰጠኋቸው፤ ይንገሩኝ ማለቴ ነው። አጠገቤ ጉድጓዱ ዳር ቁጢጥ ብለው ጀመሩ። ያን የመሰለ ድምፃቸው ከመጀመሪያው ኤላ ጀምሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለተኛውን ዘለው ሦስተኛው ጋ ሄዱ፣ ተመለሱ። ዓይናቸው ጉሮሮዬ ላይ ነው። ያኔ ነው ለካ ለዓመታት እኔ እንዴት ሳያቸው እንደነበር የገባኝ። አራተኛው ላይ ቆሙና «አካም?» አሉ። ጉሮሮዬ የሞቀኝ መሰለኝ፤ ከፍርሃት ይሁን ከማሩ መለየት አቃተኝ። ይቀጥሉ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። አምስተኛው። ስድስተኛው። ሰባተኛው ላይ ቀጭኔዋ ድምፅዋን ሰጠች፤ እኔም «ደማ ናጋ» የሚሉትን ጠበቅሁ።

አላሉም። ማቆም ፈሩ መሰለኝ ተረቱን ቀጠሉ። ልጇ ጠጣ፣ ዳነ፣ ፈንጥዞ ሮጠ አሉ። ርቆ ሲሄድባት እንዳትጠራው ድምፅ የላትም። ስለዚህ አንገቷን ሳበች፤ ከግራሩ በላይ እስክትታይ ድረስ ሳበችው፣ ልጇ የትም ቢሄድ ቀና ሲል እንዲያያት። ይህንን ጫፉን ሰምተነው አናውቅም ነበር።

ከዚያ የሚሉት አለቀባቸው። «እስቲ ተናገሪ» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ደማ ናጋ» አልኩ። ድምፄ ጥርት ብሎ ወጣ። ኦቦ ዋሪዮ በጥምጣማቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ፤ እኔም አብሬያቸው።

እናቴ ስትሰማ መጀመሪያ ቆነጠጠችኝ፣ ቀጥላ አቀፈችኝ፣ በመጨረሻም «ከእንግዲህ የምቀምሰው እኔ ነኝ፤ እርስዎ ተረቱን ይንገሩ» ብላ ነገሩን ቆረጠችው። ቀፎዎቹ ከግራሩ ሳይወርዱ ቀሩ። እኔም የማየው ጉሮሮ ሁለት ሆነብኝ።

ኦቦ ዋሪዮ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗል። ልጆቼ ሲታመሙ፣ መድኃኒታቸውን ዋጥ ካደረጉ በኋላ፣ ትኩሳታቸው እስኪበርድ ይህንኑ ተረት እነግራቸዋለሁ። ሰባተኛው ኤላ ላይ ስንደርስ «አለቀ አይደል?» ይሉኛል። አላለቀም እላቸዋለሁ፤ ዓይኔን ጉሮሯቸው ላይ ተክዬም እቀጥላለሁ።