የስድስት ሰዓቱ ቱቦ

ልጄ ስትወለድ ከወገቧ በላይ ጀርባዋ ላይ ክፍተት ነበረባት። ሐኪሞች ሰፍተው ዘጉላት፤ እግሯም ትንሽ ዘግይቶ ሄደላት። የሽንት ፊኛዋ ግን እንቢ አለ። ነርቩ ስለማይታዘዝ ሽንቷ በራሱ ተሟጦ አይወጣም፤ በቀን አራት ጊዜ በቀጭን ቱቦ መውጣት አለበት። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ራሷ ለመደችው። ሦስቱን ጊዜ ቤት እኔ አጠገቧ አለሁ። የስድስት ሰዓቱ ግን እዚሁ ሆሳዕና ከተማ፣ ትምህርት ቤቷ ውስጥ ነው፤ እኔ ደግሞ የማስተምረው ሌላ ትምህርት ቤት ነው።

አንድ ቀን ስልኬ ላይ ስለ ስቴም ሴል አነበብኩ። ከታመመው ልጅ ከራሱ ሰውነት፣ መራባት የሚችሉትን ጥቃቅን ሕዋሳት ወስደው፣ አሳድገው፣ የተጎዳውን ፊኛ ሊጠግኑበት ይሞክራሉ ይላል። አላስቻለኝም። በቀጣዩ ቅዳሜ ልጄን ይዤ ዶዮገና አባቴ ዘንድ ሄድኩና አንድም ሳላስቀር አወራሁለት።

አባቴ እንሰት ገበሬ ነው። ሰምቶኝ ሲያበቃ ሳቀ።

«ፈረንጅ ይሄን ገና አሁን ነው የደረሰበት?»

ልጄን እጇን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰዳት። አንድ አሚቾ፣ የእንሰቱን ድብልብል ሥር ማለት ነው፣ ሰንጥቆ የመሃሉን እምቡጥ አወጣና አሚቾውን ከፍግ ጋር ቀበረው። «ከዚህ ከአንዱ ብዙ ችግኝ ይወጣል። ያንቺም እንደዚሁ ነው» አላት። «እስኪበቅል ግን እንዳትነኪው። የነካኩት አይበቅልም።»

እኔም በኩራት አበጥኩ። አስተማሪ ሆኜ እንዲህ አድርጌ ያስረዳሁት ትምህርት የለም።

ሦስት ወር ገደማ ቆይተን ለቀጠሯችን አዲስ አበባ ሄድን። ዶክተሯ አልትራሳውንዱን ደጋግማ አየችው።

«ኩላሊቷ አብጧል። ሽንቱ ወደ ላይ እየተመለሰባት ነው። ቱቦውን ትዘላለች?»

«በፍጹም!» አልኩ ቱግ ብዬ።

ልጄ መሬት መሬት እያየች፣ «የስድስት ሰዓቱን ትቼዋለሁ» አለች። «እስኪበቅል አትንኪው ብሎኛል አባባ። ቤት ስሆን አንቺ ታዪኛለሽ።»

ዶክተሯ ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። «የሰማሽው ነገር ውሸት አይደለም፤ ግን ገና ሙከራ ላይ ነው። ከተሞከረላቸው ልጆች ያልሆነላቸውም አሉ። እዚህ መቼ እንደሚደርስ አላውቅም። እስከዚያ ኩላሊትሽ ከተጎዳ ግን ፊኛሽ ቢጠገን እንኳ ምን ያደርግልሻል? ኩላሊትሽን የሚያተርፍልሽ ቱቦው ነው።»

ልጄ አላለቀሰችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ከአዲስ አበባ ስንመለስ ሆሳዕና ቤቴ አልገባሁም። መናኸሪያው ውስጥ መኪና ቀይሬ ልጄን ይዤ በቀጥታ ዶዮገና ሄድኩ፤ አባቴ ላይ ልጮህ። ጓሮ አገኘሁት። አሚቾው በቅሎ ዙሪያው በችግኝ ተሞልቷል፤ እሱን ሳይ ጭራሽ ባሰብኝና አፌ ያመጣውን ሁሉ ተናገርኩ። ለወሬው የቸኮልኩት እኔ መሆኔን አላነሳሁም።

አባቴ እስከ መጨረሻው ሰማኝና መሬቱ ላይ ቁጭ አለ። ልጄን ጠራት።

«ግማሹን ነው የነገርኩሽ» አላት። «ከበቀለ በኋላ ነቅለን እናዛውረዋለን፤ ደግሞ እናዛውረዋለን። እስኪደርስ ዓመታት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ዞር ዞር ብዬ ካላየሁት ፍልፈል ሥሩን ይበላዋል። ያንቺ ቱቦም እንደዚያ ጥበቃ ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም።»

አባቴ አጠፋሁ ሲል በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ንዴቴ ጥሎኝ ሄደ፤ አሳዘነኝ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ይደውላል። ሰላምታ እንኳ የለም፤ «ፍልፈሉን ጠበቀች?» ይላል። እኔም የትምህርት ቤቷን ነርስ ጠይቄ መልሱን እነግረዋለሁ።

ባለፈው ወር ለክትትል አዲስ አበባ ሄደን ነበር። የኩላሊቷ እብጠት ቀንሷል። በማግስቱ በጠዋት ተነስተን ሆሳዕና ስንደርስ መናኸሪያው በተሸካሚና በተሳፋሪ ይተራመሳል። እኔ መቼም አፌ አያርፍም፣ «ያንን የሚበቅለውን ፊኛ አሁንም ትጠብቂዋለሽ?» አልኳት።

«ሲመጣ ይመጣል» አለችና ቱቦዋ ያለበትን ቦርሳ ከእጄ ተቀበለችኝ። «አሁን ስድስት ሰዓት ሆኗል። ሽንት ቤቱ በየት ነው?»

ሽንት ቤት ያለውን ሻይ ቤት በእጄ አሳየኋት። ስልኬ ጠራ።

«ራሷ እየሄደች ነው፣ አባዬ» አልኩት።