የወገዳው ርካሽ ጥይት

በጃንሆይ ዘመን ነው። ለፍርድ ቤት ሥራ ከንፋስ መውጫ ወደ ወገዳ በበቅሎ ስወርድ፣ ጉሙ መንገዱንም ድምፁንም ውጦት ነበር። ከጉሙ ውስጥ አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው ወጣና ሽጉጥ ደገነብኝ።

«በቅሎዋን ይተዉልኝ፣ ጌታዬ።»

እምቢ አልኩ። ጉም ውስጥ ሁሉም ነገር ሕልም ስለሚመስል ደፈርኩ መሰለኝ። ቃታውን ሳበ፤ ጥይቱ ቀጭ ብሎ ከሸፈ።

«ከወገዳ ገበያ በርካሽ ያገኘሁት ነው፤ ሁልጊዜ እንዲህ ያዋርደኛል» አለ አፍሮ። ምን እንደያዘው ሊያይም አፈሙዙን ወደ ዓይኑ አዞረ።

«ተው፣ ወንድሜ! እንዲህ ያለው ጥይት ዘግይቶ ይተኩሳል።»

በአክብሮት ወደ እኔ መለሰው።

«ወደ እኔም አይደለም፤ ወደ መሬት!»

«እስከ መቼ?»

«አንድ አባታችን ሆይ እስኪደገም።»

ከበቅሎዬ ወርጄ አጠገቡ ቆምኩና አብረን በቀስታ ደገምን። ጉሙ እያለፈ አንዴ እሱን፣ አንዴ በቅሎዋን ይደብቅብኝ ነበር። «አሜን» ስንል ሽጉጡ ጮኸ። በቅሎዋ በርግጋ ጉሙ ውስጥ ጠፋች።

ሰውየው ከእኔ ቀድሞ እየሮጠ፣ «ኧረ በቅሎዬን! በቅሎዬን ያዙልኝ!» ይል ነበር።