ሳላ ያየሁበት ጉዞ

ባለፈው እሑድ ልጆቼ አዋሽ ፓርክ ውለው መጡና የመኪናው በር ሲከፈት ያ የጋለ መቀመጫ፣ የአቧራና የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ፊቴን መታኝ። «እማዬ፣ ሳላ አየን!» እያሉ ስልካቸውን ሲደቅኑብኝ «እኔም አይቻለሁ» አልኩና ወደ ጓዳ ገባሁ።

ልጅ ሆኜ፣ ባደግሁባት መርሳ ከተማ መኪና ያለው ሰው በጣት በሚቆጠርበት ዘመን፣ የጎረቤታችን የእህል ነጋዴው የሸህ ሰይድ ላንድሮቨር የሰፈሩ ሁሉ ንብረት ነበረች ማለት ይቻላል። ፓርክ ማየት የባለ መኪና ሰው ወግ ሆኖ፣ ደሴ ያለ ዘመዳቸው አይቶ መጥቶ ቢጎርርባቸው እሳቸው መች ይተኙና! ጤፉ ከአውድማ በገባ ቁጥር ጎረቤቱን እስላም ክርስቲያን ሳይሉ ጠቅጥቀው አዋሽ ይወርዱ ጀመር። የሥጋ ነገር ስላለ፣ ማንም ከማንም ተለይቶ እንዳይበላ ስንቁ ዳቦና ቆሎ ነበር። ሸህ ሰይድ ደግሞ ያለ ዱአ ሞተር አያስነሱም፤ ሰፈሩ መኪናዋን ከቦ እጁን ይዘረጋል፣ የማርያም ማኅበርተኞች ሳይቀሩ «አሚን» ይላሉ።

የእኔ ተራ የደረሰው ጦርነቱ ወልድያን ሲያስጨንቅ ነው። አፈሳ ነበር፤ ጺሙን ያቀመቀመ ወጣት ከገበያም ከትምህርት ቤትም እየታፈሰ ወደ ግንባር ይጫናል። ወንድሜ ታደሰ ቆጥ ላይ ተደብቆ ፀሐይ ካላየ ሰንብቶ ፊቱ ገርጥቷል። ሸህ ሰይድ እናቴን «ከልጆቹ መሐል አስቀምጬ አወጣዋለሁ፤ አዋሽ ላይ ባቡር ከተሳፈረ ድሬዳዋ አጎቱ ጋ ገባ ማለት ነው» አሏት። «አንቱ ካሉ እሺ፤ ግን እኔም አብሬ እሄዳለሁ» አለች።

ምክሩ ደግ ነበር። ያጠፋን ዱአው ነው። ጠዋት ሰፈሩ እንደ ወትሮው ከበበንና እማማ ዘሃራ፣ ታደሰን ያዋለዱት አሮጊት፣ አንጀታቸው አልችል ብሎ ጮክ ብለው «ያረቢ፣ ታደሰን ከአፈሳው ሰውርልን፣ ድሬ በሰላም አግባልን!» አሉ። «አሚን!» አለ ሰፈሩ ባንድ ድምፅ። ከኋላ የቆመው የቀበሌ ጥበቃም «አሚን» ብሏል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወይ የዋህነት! ግን ማን ለፈጣሪው ሲያንሾካሹክ ያድራል?

ውጫሌ ኬላ ላይ ወታደሩ ፊታችንን እንኳ አላየም፤ «ታደሰ የሚባል ውረድ» ብቻ አለ። ወንድሜ ከጭኑ ላይ አንሥቶ ጎኑ አስቀመጠኝና ወረደ። እናቴ ልትከተለው ስትል በሰደፍ መለሷት። ሸህ ሰይድ መኪናዋን ሊያዞሩ ቢሉ፣ ወደ ሰሜን ያለው መንገድ ለጦር መኪና ተዘግቷል ተባሉ። ወደፊት እንጂ ወደኋላ የለም።

እናም ፓርኩን አየን። ያ ቀንዱ እንደ ጦር የቀጠነ ሳላ ከቢጫው ሣር መሐል ቀና ብሎ ሲያየን፣ ልጆች ነንና በደስታ ጮህን፤ ወዲያው ደግሞ የእናቴን ፊት አይተን ከመስኮቱ ተመለስን። እሷ እንስሳውን አላየችውም። «ሸህ፣ እባክዎ እንመለስ» አለች። «ለቀውት እንደሆነስ? ቤቱ ዝግ ነው።»

ከዚያ ወዲህ እናቴ ከቤቷ ውጭ አላደረችም፤ በሯንም ቆልፋ አታውቅም። ሸህ ሰይድ ሞቱ፣ ላንድሮቨሯ ተሸጠች፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ከግንባር የተረፉት የሰው ልጆች ተመለሱ፤ የእኛ ልጅ ግን የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። የኋለኛው ጦርነት መርሳ ሲደርስ፣ ሰው ሁሉ ወደ ደሴ ሲተም፣ ከአዲስ አበባ ደውዬ «እባክሽ ውጪ» ብላት «እሱ ሲመጣ ባዶ ቤት ይቆየው?» አለችኝ። ከዚያ ስልኩም ተቋረጠ። መንገዱ ተከፍቶ ስደርስ ጎረቤቶች ቀብረዋታል።

ዛሬ ልጆቼ አዋሽን በአንድ ቀን ደርሰው ይመለሳሉ፤ ደስ ይበላቸው፣ አልመቀኛቸውም። የመርሳውን ቤት ግን ቆልፌ የመጣሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ አሁን ቢመጣ የሚከፍትለት የለም።