ዲናሯን ነክሶ የዋኘው ወታደር

ልጅ ሳለሁ፣ ኦክላንድ በነበረን አፓርታማ የኋላ ደረጃ ላይ፣ አያቴ አባባ ደምሴ የባርቤኪውን ፍም በካርቶን እያራገቡ ተረት ይነግሩኝ ነበር፤ ከማዶ የሚያልፈው ባቡር እንኳ እሳቸውን ለመስማት ቀስ እንደሚል ይምሉልኝ ነበር።

ተረቱ የሚነሣው ከደረት ኪሳቸው ከምትወጣ አንዲት የሮማ የብር ዲናር ነው። ሳን ሆዜ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዟት ናት፤ እሳቸው ግን «ዓሣ ተፍቶልኝ ነው» ይላሉ። በአንድ ፊቷ ባለ ብዙ መቅዘፊያ መርከብ፣ በሌላው በሁለት የጦር ዓርማዎች መካከል ንስር አለባት። አንድ የሮማ አዛዥ ከባሕር ውጊያ በፊት ሠራዊቱን ሊያከብር፣ ለየክፍለ ጦሩ በየቁጥሩ አሠራት፤ ውጊያው ሲከፋ ግን ሠራዊቱን ጥሎ ሸሸ። ይሄ እውነት ነው። የቀረው የአባባ ነው፦ ከሚሰጥመው መርከብ አንድ ወታደር ዲናሯን በጥርሱ ነክሶ ዘለለ።

«ኤንድ ዜን?» እላለሁ፣ «ከዚያስ?» ማለቴ ነው፤ ያኔ አማርኛ ሰምቼ በእንግሊዝኛ የምመልስ ልጅ ነበርኩ።

«ዋኘ! አዞ ቢመጣበት በጥፊ አለው። ዓሣ ነባሪ ቢውጠው ሆዱን ኮርኩሮ፣ አስቆት ወጣ።»

መጨረሻው አይለወጥም፤ የወታደሩ አባት ጋቢ ዘርግቶ ባሕሩ ዳር ቆሟል፣ ልጁ ይወጣል።

የአባባ የመጨረሻ ልጅ፣ አጎቴ ግርማ፣ አገር ቤት ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር እንደሄደና ሠራዊቱ ሲበተን ደብዛው እንደጠፋ ያኔ አላውቅም። ብቻ ስሙ ሲነሣ እናቴ የታጠበ ሰሃን መልሳ ስታጥብ አያለሁ።

አንድ እሑድ ገና ጎህ ሳይቀድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች የግርማን መርዶ ይዘው መጡ። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን እንደሚያመጣ አባባ ያውቃሉ። ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ አባባ «ተቀመጡ እንጂ» አሏቸው፤ «እናንተም ከብዷችኋል።»

ለቅሶው ካለፈ በኋላ፣ አንድ ምሽት ፍሙን እኔው አራግቤ ዲናሯን መዳፋቸው ላይ አኖርኩ። ጀመሩልኝ። ወታደሩ ዘለለ፣ ዋኘ። አዞም አልመጣ፣ ዓሣ ነባሪም አልመጣ።

«ኤንድ ዜን?»

የዲናሯን ንስር በአውራ ጣታቸው አሹት። «ባሕሩ ሰፋበት፣ ልጄ።»

«አባቱስ?» አልኳቸው፣ በአማርኛ።

«እሱማ ቆሟል።»

ዛሬ ዲናሯ እኔ ዘንድ ናት፤ ንስሩን የአባባ አውራ ጣት ጨርሶታል። ለልጆቼ ስተርክ በውሸት አባባን አስከነዳለሁ፤ አዞዎቹ መንጋ ናቸው፣ ወታደሩም ሁልጊዜ ይወጣል። ልጆቹ ተኝተው ፍሙ ሲዳፈን ግን፣ ያ ጋቢ የዘረጋ አባት አሁንም ዳሩ ላይ ነው፤ ክንዱን አላጠፈም።